የሆስፒታሉ ፕላስቲክ ከመቃጠሉ በፊት

አንድ ታማሚ አልጋ ይዞ ግሉኮስ ሲተከልለት ነርሷ መጀመሪያ የምትቀደው ፕላስቲክ ነው። ግሉኮሱ የታሸገበት ሽፋን ይቀደዳል፤ ከረጢቱ ይሰቀላል፤ ቱቦው ከላስቲኩ ይወጣል፤ ካኑላው ከነክዳኑ ይከፈታል። ጓንት አለ፤ መድኃኒት የሚቀዳበት ሲሪንጅ አለ፤ የሲሪንጁ ማሸጊያ አለ። ማታ አስታማሚው ምግቡን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ የሃይላንድ ውኃም ከራስጌ ይቀመጣል። ሲነጋ ይህ ሁሉ አልጋው ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ተደራርቦ ይገኛል። ከመካከሉ ደም የነካው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ነው። ሌላው ማንንም የሚያሳምም ነገር አልነካም። ሆኖም ሁሉም አብሮ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም አብሮ ይቃጠላል።

በባሕር ዳር ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ያሳስባል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከጣና ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ከምዕራብ አማራ የሚመጣውን ታማሚ ለዓመታት ሲቀበል ኖሯል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን በከተማዋ ደቡብ በኩል ተጨምሯል። አዲስ ዓለም ሆስፒታል፣ የግል ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮችም አሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ አጠገብ ይሠራሉ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የገባ ነገር ደግሞ እዚያ ብዙ አይቆይም፤ ዓባይ የሚወጣው ከዚያው ከከተማዋ ጎን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶው ከቤት ቆሻሻ የማይለይ፣ 15 በመቶው ብቻ አደገኛ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ግን ቆሻሻው ከምንጩ ሲለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመ፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና ጣቢያዎች ላይ የተሠራ ጥናት አደገኛው ድርሻ ከ40 በመቶ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ልዩነት ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አገልግሎት ዓይነት የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። ነገር ግን በየትኛውም ዋርድ የቆመ ሰው ሌላውን ምክንያት በዓይኑ ያየዋል። አንድ ደም የነካ ጥጥ ለተራ ቆሻሻ ወደተመደበው ጥቁር ባልዲ ከገባ በባልዲው ያለው ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አደገኛ ነው። የብርቱካን ልጣጭና የሃይላንድ ጠርሙስ ለተላላፊው በተመደበው ቢጫ ባልዲ ውስጥ ከተጣሉም እንደ ተላላፊ ቆሻሻ ተቆጥረው ይቃጠላሉ።

ሕጉና መመሪያው የለም እንዳይባል አለ። ጥቁር ባልዲ ለተራው፣ ቢጫ ለተላላፊው፣ ሴፍቲ ቦክስ ለመርፌና ለስለት መሆኑን የማያውቅ ነርስ አይገኝም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ካሽ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ የጤና ተቋም ንቅናቄ ሲጀምር ብዙ ሆስፒታሎች ግቢያቸውን አጽድተዋል፤ ባልዲዎቻቸውን ቀለም ቀብተዋል። የጎደለው ከባልዲው በኋላ ያለው መንገድ ነው። ባልዲዎቹና ሣጥኑ ተለይተው ተሞልተው በስተመጨረሻ አንድ ምድጃ ውስጥ ከገቡ የፅዳት ሠራተኛዋ ነገ ለምን ትለያለች? ልፋቷ የት እንደሚደርስ ማየት አለባት።

ምድጃው ራሱ መጥፎ ሐሳብ ሆኖ አልተሠራም፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ዕድሜው የገፋ አንባቢ የብርጭቆ ሲሪንጅ በብረት ሣጥን ተቀቅሎ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይሸጋገር የነበረበትን ጊዜ፣ በገበያ ቀን በየመንደሩ የሚዞረውን መርፌ ወጊም ያስታውሳል። አንዴ አገልግሎ የሚጣለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ ያንን ለማስቀረት የመጣ በረከት ነበር። ሆኖም ሲሪንጁ ካልጠፋ ሰው መልሶ ይጠቀምበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ በተበከለ መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ የሚገኘው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ በጡብ የሚገነባ ርካሽ ማቃጠያ ቀርጾ ነበር፤ ዓይነቱም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሠራ። መርፌውን አቃጥሎ ማጥፋት ከማንኛውም ነገር የሚቀድም ነበር።

ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ማቃጠያ ጭሱን ንጹሕ ለማድረግ ሁለት ክፍል ሊኖረው፣ ሙቀቱም ከ850 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል። በማገዶ ወይም በጥቂት ናፍጣ የሚነድ ትንሽ የጡብ ምድጃ፣ በተለይ እርጥብ ቆሻሻ ሲሞላበት፣ እዚያ ሙቀት ላይ አይጸናም። በዚህ ላይ የሚቃጠለው ነገር ዓይነት አለ። ብዙው የግሉኮስና የደም ከረጢት፣ ብዙው ቱቦ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። የፒቪሲ ከግማሽ የሚበልጥ ክብደቱ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲንና ፉራን የተባሉትን መርዞች ይወልዳል።

ዳዮክሲን ዛሬ ተነፍሶ ነገ የሚወጣ ዓይነት መርዝ አይደለም። በስብ ውስጥ ይቀመጣል። በሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመቀነስ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጅበታል። ጭሱ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ትግጠዋለች፤ ከወተቷ ጋር ወደ ሕፃን ይሄዳል። ዶሮ አመዱን ስትጭር ዕንቁላሏ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 አይፔን የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ድርጅቶች መረብ በናይሮቢ ዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያሉ ዶሮዎችን ዕንቁላል አስመርምሮ ዳዮክሲኑን ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ መርዞችን ለመቀነስ የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት። ስለዚህ የሆስፒታል ጓሮ ጭስ የጎረቤት ቅሬታ ብቻ ሆኖ አይቆጠርም፤ አገሪቱ የፈረመችው ግዴታም ነው።

ታዲያ ሳይቃጠል ምን ይደረግ? መልሱ በየሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል አጠገብ ተቀምጧል፤ አውቶክሌቭ ይባላል። መቀሱና መቆንጠጫው ከጀርም የሚጸዳበት የእንፋሎት ማምከኛ ነው። ከ121 እስከ 134 ዲግሪ የሞቀ እንፋሎት በግፊት ለተወሰነ ጊዜ ሲያልፍበት ባክቴሪያም ቫይረስም ይሞታል። የሲሪንጅ አካል የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው ግን በ160 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀርሙ ይሞታል፤ ፕላስቲኩ ይተርፋል። የሚነድ ነገር ስለሌለም ዳዮክሲን አይፈጠርም። ከዚያ በመፍጫ ማሽን ተፈጭቶ እንደማንኛውም ጥሬ ዕቃ ለፋብሪካ ይሸጣል። ለመሣሪያ ማምከኛ የሚሆነው አውቶክሌቭ ለቆሻሻ እንዳይውል፣ የቆሻሻው የራሱ እንዲሆን ማድረግ ብቻ ያስፈልጋል።

ይህ በሀብታም አገር ብቻ የሚሠራ ነገር እንዳይመስል የኔፓልን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው የካትማንዱ ቢር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ መርፌውን ከሲሪንጁ እየቆረጠ፣ ፕላስቲኩን በእንፋሎት እያመከነ ለመልሶ መጠቀም ሲሸጥ ቆይቷል። ለሥራው መሠረት የሆኑት ነርሶችና የፅዳት ሠራተኞች ነበሩ። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሕክምና ቆሻሻ ደንብ ቱቦ፣ የግሉኮስ ጠርሙስ፣ መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅና ጓንት በቀይ ከረጢት ተለይተው እንዲመክኑና እንዲፈጩ፣ ከዚያም ለተመዘገበ መልሶ አምራች እንዲሰጡ ያዛል። ታንዛኒያ፣ ጋና፣ ዛምቢያና ማዳጋስካር ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በሆስፒታሎቻቸው አውቶክሌቭ ተክለው የማቃጠልን ድርሻ ለመቀነስ ሠርተዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። ኔትኬር የተባለው የሆስፒታሎች ድርጅትና የግሉኮስ አምራቹ አድኮክ ኢንግራም ባስጀመሩት ሥራ፣ በሽተኛን በቀጥታ ያልነኩ የግሉኮስ ከረጢቶችና ቱቦዎች ተሰብስበው ጫማ ለሌላቸው ተማሪዎች የትምህርት ቤት ጫማ ይሆናሉ። ለአንድ ጥንድ 20 ገደማ ከረጢቶች ከነቱቦዎቻቸው ይበቃሉ። ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገርመው ነገር አይኖርም። ፕላስቲክ ቀልጦ በሻጋታ ጫማ ሲሆን ይህ አገር በደንብ ያውቀዋል። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሰበሰበው የሆስፒታል ፒቪሲ የአትክልት ማጠጫ ጎማና የወለል ምንጣፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ መነሳት አለበት፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ይህን ሐሳብ ከሚቃወሙት ሐኪሞች ነው፤ እውነትም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በሕንድ ጉጃራት፣ ሞዳሳ በምትባል ከተማና አካባቢዋ የሄፓታይተስ ቢ ወረርሽኝ ተነሥቶ በርካታ ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ዳግመኛ ጥቅም ላይ ወደ ዋሉ ሲሪንጆች አመራ፤ ያገለገለ ሲሪንጅ በድብቅ ሲሸጥ እንደነበርም ተገለጠ። ፕላስቲክ ዋጋ ሲኖረው ሌባም ይኖራል። በባሕር ዳር ጎዳናዎች «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ወጣት ጀሪካንና ሃይላንድ ሲገዛ ሥራው የተከበረ ነው። ነገር ግን ከሆስፒታል አጥር ጀርባ ያለፈ ሲሪንጅ ጆንያው ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ በራሱም፣ ቤት በሚጠብቁት ልጆቹም ላይ መፍረድ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሶ መጠቀም የሚጀመረው በማይደራደሩበት መስመር ነው። ቅርጹን የያዘ የሕክምና ፕላስቲክ ከግቢ አይወጣም፤ የሚወጣው የተፈጨ ብቻ ነው። ታማሚ የነካ ሁሉ ሳይመክን መፍጫው አጠገብ አይደርስም። ከዚህ ፕላስቲክ የውኃ ጀሪካን፣ የምግብ ሳፋ ወይም የልጅ መጫወቻ አይሠራም፤ የጫማ ሶል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ፣ የግንባታ ዕቃ ይበቃዋል። የካንሰር መድኃኒት የነካው፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና የሰውነት ክፍል ወደ አውቶክሌቭ አይገቡም። ለእነዚህ የእንግዴ ልጅ መቅበሪያው ጉድጓድና በትክክል የሚሠራ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ይቀራሉ። አንድም ማቃጠያ አይኑር የሚል ሰው ሆስፒታልን አያውቅም። ነገር ግን ማቃጠያው የሚበላው መጠን ጥቂት ሲሆን፣ ፒቪሲም ሲወጣለት፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ አቅም ያገኛል።

ለባሕር ዳር የሚስማማው አደረጃጀት ምንድን ነው? እያንዳንዱ ሆስፒታል የየራሱን አውቶክሌቭና መፍጫ ልግዛ ቢል ገንዘቡ አይበቃም፤ ቢበቃም መለዋወጫ የሚጠብቅ ማሽን በየጓሮው ይቆማል። በዚህ አገር ተገዝቶ ባለሙያ በማጣት ሸራ የለበሰ ማሽን ያላየ የጤና ባለሙያ የለም። ከተማዋ ግን ጠባብ ናት። ከፈለገ ሕይወት እስከ ጥበበ ግዮን ያለው መንገድ አንድ ዝግ መኪና በቀን ደጋግሞ ሊመላለስበት የሚችል ነው። ለሁሉም የሕዝብና የግል ተቋማት አንድ የጋራ ማምከኛ ማዕከል ከሐይቁ ርቆ ቢቋቋም፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በቆሻሻቸው ክብደት እየከፈሉ፣ ትንንሽ ክሊኒኮችም በአቅማቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲው የምሕንድስናም የሕክምናም ተማሪዎች አሉት፤ ማሽኑን የሚጠግነውም፣ ጀርሙ መሞቱን በናሙና የሚያረጋግጠውም ከዚያው ሊገኝ ይችላል።

ባሕር ዳር በዚህ ነገር ጀማሪም አይደለችም። ድሪም ላይት የተባለው የግል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤት ቤት ቆሻሻ መሰብሰብ ሲጀምር ከተማዋ በመንግሥትና በግል ትብብር ከቀደሙት አንዷ ሆናለች። የመሰብሰቡ ልምድ አለ። ፕላስቲክ የሚገዛም አለ፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ድረስ የተዘረጋ ገበያ። የጎደለው መካከለኛው ነው፤ ያም ማምከኛው፣ መፍጫውና ተጠያቂ የሆነ ፈቃድ።

እስከዚያው ማሽን ሳይገዛ የሚጀመር ሥራ አለ፤ እንዲያውም ትልቁ ድርሻ እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀዶ ሕክምና ሊጀመር ሲል፣ ታማሚው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ፣ የመሣሪያው መጠቅለያና ማሸጊያ ሁሉ ይከፈታል። ያ ፕላስቲክ በዚያች ሰዓት በሆስፒታሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ንጹሕ ነው። ለእርሱ ብቻ አንድ ከረጢት በር ላይ ቢንጠለጠልና ታማሚው ሲገባ ታስሮ ቢወጣ አውቶክሌቭም አያስፈልገውም። የፋርማሲው ካርቶንና ላስቲክ፣ የፅዳት ኬሚካል ባዶ ጀሪካን በሚገባ ታጥቦና ተበስቶ፣ የአስታማሚው ሃይላንድ ሁሉ እንደዚሁ። ለአስታማሚዎች በየዋርዱ በር ላይ በአማርኛ የተጻፈና ሥዕል ያለው ምልክት፣ ከጎኑም የራሳቸው ባልዲ ቢኖር ቢጫው ባልዲ ከብርቱካን ልጣጭ ያርፋል።

ክልሉ ባለፉት ዓመታት ካሳለፈውና ከሚያሳልፈው ጦርነትና ግጭት አንጻር ስለ ፕላስቲክ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። መድኃኒት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የቆሰለ ሰው ኮሪደር ላይ ሲተኛ ማን ባልዲ ይለያል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ ያለው ግን ባልዲውን በምትሸከመው ሴት እጅ ላይ ነው። የቆሰለ ሲበዛ መርፌውም ቱቦውም ይበዛል። ባልተለየ ከረጢት ውስጥ የተደበቀ መርፌ የሚወጋው ሚኒስትሩን ወይም የቦርድ ሰብሳቢውን ሳይሆን በቀጭን ጓንት፣ በትንሽ ደመወዝ ከረጢቱን የምታነሣውን የፅዳት ሠራተኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ክትባት እያለው እርሷ ሳትከተብ ይህን ሥራ ማሠራት ከማንኛውም ቀውስ በፊት የነበረ በደል ነው። መለየት ከሁሉ አስቀድሞ የእርሷ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ከሐይቁም ወገን ነገሩ አጣዳፊ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ያ ፕላስቲክ ከሆስፒታል የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ከከተማና ከእርሻ ሁሉ ይመጣል። የሚያሳየው ግን በአንድ የኢትዮጵያ ሐይቅ ውስጥ ፕላስቲክ ከዓሣው አልፎ ወደ ማዕድ ለመድረስ አንድ እርምጃ እንደቀረው ነው። ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ በሳይንሱ ስም ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። በደሴቶቹና በዳርቻው ውኃውን ሳያጣራ የሚጠጣ ሕዝብም አለ። እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ከየአገሩ ሰው መጥቶ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ያን ያህል ፍቅር ያለው ሕዝብ የማይታየው መርዝ ላይም እንዲነሣ ነገሩ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ታግዷል። ከባለሱቅ እጅ ፌስታል ለመንጠቅ የሚበቃ አስተዳደር የሆስፒታልን ፕላስቲክ ጉዳይ ለየጓሮው መተው የለበትም። የክልሉ ጤና ቢሮ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የከተማ አስተዳደሩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊወስኑት የሚገባው፣ የጋራ ማዕከሉ በማን ስም እንደሚቋቋምና የተፈጨውን ፕላስቲክ ለመግዛት ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው። ከእነርሱ በፊት ግን የሆስፒታል ቦርዶች አሉ። ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን በቦርዳቸው ውሳኔ እንዲጠቀሙበት ከተፈቀደ ቆይቷል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። በመጪው ዕቅድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ቢገቡ ይበቃል፦ ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ንጹሕ ማሸጊያ የተለየ ከረጢት፣ ለፅዳት ሠራተኞች በሙሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና ወፍራም ጓንት፣ ለአንድ ወር በየዋርዱ የሚወጣውን ፕላስቲክ በዓይነቱ የሚመዝን ሚዛንና መዝገብ። የጋራ ማዕከሉ ስንት ኪሎ የሚይዝ አውቶክሌቭ እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው።